ሰዓቱ የማይነበብበት ካርታ

የባቡር ካርታ ለመመዘን የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር፣ ካርታውን አምኖ ከቤቱ የወጣ መንገደኛ ካሰበው ስፍራ፣ ባሰበው ጊዜ፣ ያለ እንግልት ይደርስ እንደ ሆነ ነው፤ የቀለሙ ማማርና የመሥመሩ መስተካከል ከዚህ በኋላ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው። የአሜሪካ መዲና የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሕዝብ የሚገለገልባቸው የባቡር ካርታዎች በዚህ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ፣ ሜትሮ የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ምስጋና የሚገባው የጥበብ ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ከተሞች ሠራተኛውን የሚያመላልሱት የሁለቱ ባቡሮች ካርታዎች ግን፣ አሣሣላቸው ንጹሕ፣ ፊደላቸውም ግልጽ መሆኑ ሳይካድ፣ ለመንገደኛው ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገውን ነገር ሰውረውበታል። የሰወሩበትም ሰዓትን ነው። ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራሉ፤ መቼ እንደሚሄድ፣ ይልቁንም መቼ እንደማይሄድ፣ አይናገሩም።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ የቅርብ ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ በሜሪላንድ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያም በአሌክሳንድርያ፣ የአማርኛ ጽሑፍ በሱቅና በምግብ ቤት ደጃፍ ተሰቅሎ ማየት ለነዋሪው ልማድ ከሆነ ብዙ ጊዜ አልፏል። ሁለቱም ከተሞች የሜትሮም የማመላለሻ ባቡርም ጣቢያ አላቸው። ከወገኖቻችንም ብዙዎቹ በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ ቀንና ሌሊት የሚፈራረቅ ተራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የቢሮ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ እነርሱ ወደ ሥራ ይወጣሉ፤ ሌላው ከእንቅልፉ ሲነቃ እነርሱ ጋደም የሚሉበትን ሰዓት ይናፍቃሉ። የባቡር ካርታ ሰዓትን ሲሰውር፣ የመሰወሩ ጉዳት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በእንዲህ ያለው ሠራተኛ ላይ ነው።

ዛሬ በየአገሩ ያለው የከተማ ባቡር ካርታ አብዛኛው ከአንድ አባት የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃሪ ቤክ የተባለ የለንደን ሰው፣ በከተማይቱ የምድር ውስጥ ባቡር ድርጅት የንድፍ ሠራተኛ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በትርፍ ጊዜው ተቀምጦ የባቡሩን ካርታ እንደ ገና ሣለው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ካርታዎች የምድሩን ርቀትና የመንገዱን ጥምዝምዝ እንዳለ ለመያዝ ሲታገሉ፣ በመሐል ከተማ ያሉት ጣቢያዎች እርስ በርሳቸው ተጨናንቀው ለማንበብ ያስቸግሩ፣ በዳር ያሉትም ወረቀቱ አልበቃ ብሏቸው ይቀሩ ነበር። ቤክ ግን ርቀትን ትቶ ቅደም ተከተልን ጠበቀ፤ መሥመሮቹን ወደ ላይ ቀጥ ባለ፣ ወደ ጎን በተኛ፣ ወይም በአርባ አምስት ዲግሪ ባዘነበለ ሥርዓት አስያዛቸው፤ መሐሉን አሰፋው፣ ዳሩን ሰበሰበው፤ ከምድር በላይ ካለው ነገር የቴምዝን ወንዝ ብቻ አስቀረ። ሹማምንቱ መጀመሪያ ሲያዩት ከልማድ እጅግ የራቀ መስሏቸው መልሰውት ነበር፤ በጥር 1933 ታትሞ ሲታደል ግን ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው። ምሥጢሩም ቤክ የመንገደኛውን ልቡና ማወቁ ነበር፤ ከምድር በታች የሚጓዝ ሰው ከራሱ በላይ የትኛው ጎዳና እንዳለ ማወቅ አያሻውም፤ የሚያሻው የትኛው መሥመር እንደሚወስደው፣ የት ወርዶ እንደሚቀይር፣ ስንት ጣቢያም እንደ ቀረው ማወቅ ነው።

ሆኖም ይህ ካርታ ባልተጻፈ ቃል ኪዳን ላይ የቆመ ነው። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በየጥቂት ደቂቃው ስለሚመጣ፣ መንገደኛው ሰዓት ሳይጠይቅ ወደ ጣቢያ ይወርዳል፤ መሥመር ካለ ባቡር አለ። ቤክ ስለ ሰዓት አንዲት ምልክት ሳያኖር መንገደኛውን ያላሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ነዳፊዎች ቀጥታውን መሥመር፣ ደማቁን ቀለም፣ ክቡን የጣቢያ ምልክት ወረሱ፤ ይህንንም ርስት በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ባቡር በሚያልፍባቸው፣ ቅዳሜና እሑድ ጭር በሚሉ ሐዲዶች ላይ ሲያውሉት፣ ቃል ኪዳኑ አብሮ እንዳልተላለፈ ልብ አላሉም። የአንባቢው ዐይን ግን ቃል ኪዳኑን አልረሳም፤ በሜትሮ ካርታ የሠለጠነ ዐይን ደማቅ መሥመር ባየ ቁጥር ባቡር እንዳለ አድርጎ ያነባል።

ስለ ሜትሮው ካርታ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ የሌሎቹ ጉድለት የሚታየው የእርሱ መልካምነት ከታወቀ በኋላ ነውና። የዋሽንግተን ሜትሮ መጋቢት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1976፣ በአምስት ጣቢያዎች ሥራውን ጀመረ። ካርታውን የነደፈው ላንስ ዋይማን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ይህ ሰው አስቀድሞ ለሜክሲኮ ከተማ የ1968ቱን የኦሎምፒክ ምልክቶች፣ ከዚያም ለከተማይቱ የምድር ባቡር ጣቢያዎች ማንበብ የማይችል ሰው ጭምር የሚለያቸውን የሥዕል ምልክቶች በመንደፍ ስሙ የታወቀ ነበር። በዋሽንግተኑ ካርታ የመረጠው መንገድ ከቤክ ቀጫጭን መሥመሮች የተለየ ነው፤ መሥመሮቹን አወፈራቸው፣ እንደ መቀነትም ሰፊ አደረጋቸው፤ ከበስተኋላቸውም የፖቶማክንና የአናኮስቲያን ወንዞች፣ የዋሽንግተንን ወሰን፣ የታወቁትንም ሐውልቶች በልዝብ ቀለም አኖረ። ውፍረቱ ቦታ ይሻማል፣ የጣቢያ ስሞችንም ያጣብባል ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኔ በበኩሌ ውፍረቱን እደግፋለሁ፤ በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ብረት ጨብጦ የቆመ ሰው ከሰው ትከሻ በላይ አሻግሮ ሊያነበው የሚችለው ካርታ ይህ ነው፤ የመሥመሮቹም ቍጥር ጥቂት ስለሆነ ክብራቸውን ሳይነፍጉ ማስፈር ይቻላል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የብሩ መሥመር ሲጨመር፣ ከሮስሊን እስከ ስቴድየም አርሞሪ ድረስ ሰማያዊው፣ ብርቱካናማውና ብሩ ሦስት ሆነው በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ፣ በካርታው ላይ ጎን ለጎን መሰለፋቸው ጥበብን የሚፈትን ሆኖ ነበር፤ ይህንንም ማስተካከል በእርጅናው ዘመን ለዚያው ለዋይማን ተሰጥቶት ሠርቶታል።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የተደረገ አንድ ነገር ግን ለተነሣሁበት ሐሳብ ታላቅ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ሜትሮው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ የሚሄዱ ተጨማሪ ባቡሮች ሲጀምር፣ ለምሳሌ ቢጫው መሥመር በዚያ ሰዓት ብቻ እስከ ግሪንቤልት እንዲዘልቅ ሲደረግ፣ ካርታው ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ሙሉውን ጊዜ ለማይሄደው ባቡር የተቆራረጠ መሥመር ሠራለት። ሕፃን እንኳ ቢያየው፣ ሙሉ የሆነውና የተቆራረጠው አንድ እንዳልሆኑ ይገባዋል። አገልግሎቱ በ2017 ሲቀር የተቆራረጠው መሥመር አብሮ ተፋቀ፤ ሥዕሉ አገልግሎቱን ተከተለ። እንግዲህ ሰዓትን በመሥመር መናገር ይቻላል፤ የተቻለውም በሩቅ አገር ሳይሆን በዚያችው በዋሽንግተን ነው።

አሁን ከሜትሮው ወጥተን ወደ ማመላለሻዎቹ ባቡሮች እንለፍ፤ ነገሩን ለመረዳትም አንዲት ጉዞ እንከተል። የሜትሮው ቀይ መሥመር ከሜሪላንድ በሁለት ክንድ ወደ ዋሽንግተን የሚወርድ ነው፤ በምዕራቡ ክንድ ሮክቪል፣ በምሥራቁ ክንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገኛሉ። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ በሮክቪል የሚሠራ ሰው የሜትሮውን ካርታ ቢመለከት የሚያየው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ደቡብ እስከ መሐል ዋሽንግተን ወርዶ፣ እንደ ገና ወደ ሰሜን እስከ ሮክቪል መውጣት፣ ባጠቃላይ አንድ ሰዓት ገደማ በባቡር መቀመጥ ነው። በሁለቱም ጣቢያዎች ስም አጠገብ ሌላ ባቡር እንደሚገናኝ የምትጠቁም ትንሽ ምልክት አለች፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ግን መሥመር አልተሠመረም። በእውነቱ በዚያ ባዶ ወረቀት ላይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በኬንሲንግተንና በጋረት ፓርክ አልፎ ሮክቪል የሚያደርስ ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ማርክ የተባለው የሜሪላንድ ማመላለሻ ባቡር በዚህ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ መንገደኛውንም በሃያ ደቂቃ ያህል ከሮክቪል ያደርሰዋል። ሰውየው ይህን ባለማወቁ በየቀኑ የሚያባክነውን ሰዓት ማን ይቆጥርለታል?

ነገር ግን አንድ ወዳጁ የማርክን ካርታ አምጥቶ ቢሰጠው፣ ከአንዱ ስሕተት ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። የማርክ ካርታ ሦስት መሥመሮች አሉት፤ ፔን፣ ካምደንና ብረንስዊክ ይባላሉ። ሦስቱም በየቀለማቸው፣ በእኩል ውፍረት፣ በእኩል ድምቀት ተሥለዋል። ሥራቸው ግን እኩል አይደለም። የፔን መሥመር በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ የሚውል፣ ከ2013 መጨረሻም ወዲህ በቅዳሜና በእሑድ የሚሠራ ነው። የካምደን መሥመር ሳምንታዊ በዓላቱን አይሠራም። በሲልቨር ስፕሪንግና በሮክቪል የሚያልፈው የብረንስዊክ መሥመር ደግሞ በዋነኛነት በሥራ ቀን ጧት ጧት ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል፣ ከቀትር በኋላና ማታ ከዋሽንግተን ይወጣል፤ በሌላው ሰዓትና በሌላው አቅጣጫ የለም ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለነግህም ለሠለስትም፣ ለቀትርም ለተሰዓትም፣ ለሠርክም ለንዋምም ለመንፈቀ ሌሊትም ለእያንዳንዱ የራሱ ጸሎት አለው፤ የብረንስዊክ ባቡር ግን ነግህንና ሠርክን ብቻ የሚያውቅ፣ ሌሎቹን ሰዓታት በዝምታ የሚያልፍ ነው። ካርታው ይህን ሁሉ በአንድ ደማቅ መሥመር ሸፍኖ፣ ከዋሽንግተን እስከ ዌስት ቨርጂኒያ ማርቲንስበርግ ድረስ ሙሉ አገልግሎት እንዳለ አስመስሎ ያሳያል። ያ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ጧት ወደ ሮክቪል ሊሄድ ጣቢያ ቢወጣ፣ የሚያልፉት ባቡሮች ሁሉ ከሮክቪል ወደ እርሱ የሚመጡ ናቸው።

የሌሊት ተረኛውን ብናስብ ነገሩ ይከፋል። በጀርመንታውን ቤት ተከራይታ፣ በዋሽንግተን ሆስፒታል ሌሊት የምትሠራ ነርስ በካርታው ብታምን፣ ቤቷም ሥራዋም በአንድ መሥመር ላይ ያሉ ይመስላታል። ማታ ወደ ሥራ ልትገባ ስትወጣ ግን ባቡሩ ከከተማ ሠራተኛ ጭኖ ወደ እርሷ ይመጣል እንጂ እርሷን ወደ ከተማ አይወስዳትም፤ ሌሊቱን በድካም አሳልፋ ጧት ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትል ደግሞ ባቡሩ ሌላውን ወደ ከተማ ያስገባል እንጂ እርሷን አያስወጣትም። ሐዲዱ በደጃፏ ያልፋል፤ ለእርሷ ግን በማታም በጧትም ፊቱን ያዞረ ነው። የማታ ተረኛውም በተሰዓት ለመግባት እኩለ ቀን ላይ ሲነሣ ባቡር አያገኝም።

የቨርጂኒያው ማመላለሻ፣ ቪአርኢ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ የጀመረ ሁለት መሥመር ያለው ባቡር ነው፤ አንዱ ወደ ማናሳስ፣ አንዱ ወደ ፍሬድሪክስበርግ ይሄዳል፤ ሁለቱ በአሌክሳንድርያ ተገናኝተው፣ ፖቶማክን ተሻግረው፣ ከማርክ ጋር በሚጋሩት በዩኒየን ስቴሽን ጣቢያ ያበቃሉ። እርሱም የሥራ ቀን ባቡር ነው። በካርታው ላይ የማናሳሱ መሥመር በሰማያዊ፣ የፍሬድሪክስበርጉ በቀይ ተሥሏል፤ ሜትሮውም ሰማያዊና ቀይ መሥመር አለው፤ ስለዚህ በአሌክሳንድርያ ሰማያዊውን መሥመር ያዝ የተባለን እንግዳ፣ ሁለት ሰማያዊ መሥመሮች ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁታል። ከዚህ የሚብሰው የካርታዎቹ ወሰን ነው። ዳንኤል በርነም የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተው ያ ታላቅ ጣቢያ የሰሜኑም የደቡቡም ባቡር መድረሻ ሆኖ ሳለ፣ የማርክ ካርታ የሜሪላንድን መሥመሮች አምጥቶ በጣቢያው ደጃፍ ይቆማል፤ የቪአርኢ ካርታም የቨርጂኒያን መሥመሮች አምጥቶ በዚያው ደጃፍ ይቆማል። ከአሌክሳንድርያ ተነሥቶ ባልቲሞር መድረስ የሚሻ ሰው ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት እጁ ይዞ በልቡናው ሊሰፋቸው ይገደዳል። እኔ እስከማውቀው መንገደኛ የክፍለ ሀገሩን ወሰን ተከትሎ ቤት አይሠራም፣ ሥራም አያገኝም።

ነዳፊዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድን ማዛባት ይሆናል። የብረንስዊክ ባቡር በሲልቨር ስፕሪንግና በሮክቪል የሚያልፍበት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1873፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከነገሡ ብዙም ሳይቆይ የተከፈተ ነው፤ የካምደኑ ደግሞ ከእርሱም የቀደመ፣ በ1835 ዋሽንግተንን ከባልቲሞር ያገናኘ ነው። ሁለቱም ዛሬ ሲ.ኤስ.ኤክስ. የተባለ የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ባለቤቱ የጭነት ባቡሩን ሲያሳልፍ ማርክ በተፈቀደለት ሰዓት ብቻ ይገባል። የፔን መሥመር በተሻለ ነጻነት የሚመላለሰው ሐዲዱ አምትራክ የተባለው የሰው ባቡር ድርጅት ንብረት በመሆኑ ነው። በቨርጂኒያ በኩል ፖቶማክን የሚሻገረው አሮጌ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራ፣ ሁለት ሐዲድ ብቻ ያለው፣ የጭነቱም የሰዉም ባቡር የሚሻማበት ጠባብ በር ነው። ባቡሩን ለምን በቀትር አታስኬዱም ብሎ ካርታ ሠሪውን መጠየቅ ስለዚህ አይገባም። ልንጠይቀው የሚገባን በቀትር የማይሄደውን ባቡር በቀትር እንደሚሄድ አስመስሎ ለምን እንደ ሣለ ነው።

በዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ሰው ሁሉ ዛሬ በኪሱ ስልክ ይዟል፣ መነሻና መድረሻውን ቢጽፍ ሰዓቱን ከነደቂቃው ይነግረዋል፣ ካርታው ስለ ሰዓት ቢናገር ባይናገር ምን ይጠቅማል ይላሉ። ይህ ቃል እውነትነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ስልክ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው፤ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው በልቡናው ያለውን ያህል ነው። ካርታ ከዚህ በፊት የሚገኝ፣ ጥያቄውን ራሱን የሚያስነሣ ነገር ነው። አዲስ የመጣ ሰው ቤት ለመከራየት ሲያስብ፣ ከመሐል ከተማ እየራቀ በሄደ መጠን ኪራይ እየቀለለ እንደሚሄድ ይሰማል፤ ካርታውንም ዘርግቶ ጣቱን በመሥመሩ ላይ እየጎተተ ጌዘርስበርግን፣ ጀርመንታውንን፣ ውድብሪጅን፣ ማናሳስን ያያል፤ እዚህም ባቡር ይደርሳል፣ መኪና ባልገዛም ግድ የለም ብሎ ልቡን ያሳምናል፤ ለአንድ ዓመት ውል ይፈርማል። የባቡሩ ሰዓትና የሥራው ሰዓት እንደማይገናኙ የሚያውቀው ልጆቹን ትምህርት ቤት ካስገባ፣ ዕቃውን ካራገፈ በኋላ ነው። ስልኩ ይህን ሊያድነው አልቻለም፤ ያን ቀን ስለ ማክሰኞ ቀትር ወይም ስለ እሑድ ማለዳ የመጠየቅ ሐሳብ አልመጣለትምና። ካርታው ግን በአንድ እይታ ሊነግረው ይችል ነበር። ጃሬት ዎከር የተባለ የሕዝብ ማመላለሻ አማካሪ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች የአገልግሎቱን ድግግሞሽ ከመሥመሩ ጋር እንዲያሳዩ ለብዙ ዓመታት ሲመክር የኖረው ይህን ስለ ተረዳ ነው፤ ምክሩም በብዙ የአውቶቡስ ካርታዎች ላይ ፍሬ አፍርቷል። ወደ ባቡሩ ካርታ የማይሻገርበት ምክንያት አይታየኝም።

እንዴት ይሣል ለሚለው የእኔ አሳብ እነሆ። የዋሽንግተን አካባቢ አንድ ካርታ ይኑረው፤ ሜትሮው፣ ማርክና ቪአርኢ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈሩ። ቀለም የመሥመሩ ስም ሆኖ ይቆይ፤ ቪአርኢም ከሜትሮው ጋር የተጋጩትን ሁለቱን ቀለሞቹን ይለውጥ። ውፍረት ግን የሰዓት ምልክት ይሁን። በየጥቂት ደቂቃው የሚመጣው ሜትሮ ዋይማን የሰጠውን ሰፊ መቀነት እንደ ያዘ ይቀጥል፤ ቀኑን ሙሉና ሳምንቱን ሙሉ የሚመላለሰው ፔን የዚያን እኩሌታ ያህል ይውፈር፤ በሥራ ቀን ብቻ የሚሠራው ከዚያ ይቅጠን፤ የነግህና የሠርክ ባቡር የሆነው ደግሞ በተቆራረጠ መሥመር ይሣል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድበት ሰዓትም በትንሽ ቀስት ይጠቆም። ከዚህ አልፎ የባቡሮቹን መነሻ ደቂቃ በካርታው ላይ መደርደር አያስፈልግም፤ እርሱ የጊዜ ሰሌዳው ድርሻ ነው፤ ካርታው ከአራት የበለጠ ደረጃ ቢሸከም ይደክማል፣ አንባቢውንም ያደክማል። በዚህ ሥርዓት ብረንስዊክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሮክቪል በቀጭን በተቆራረጠ መሥመር ሲሄድ የሚያይ ሰው፣ መንገዱ መኖሩንም፣ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አለመሆኑንም ባንድ ጊዜ ያውቃል። የሚመለከታቸው ሹማምንት መሥመራቸው ቀጥኖ መታየቱን እንደ ውርደት ሊቆጥሩት ይችላሉ፤ ይህን ፈርተው እንደሚሸሹት እገምታለሁ። እኔ ግን ከዚህ ፍርሃታቸው ጥቅም ይገኛል ብዬ አምናለሁ፤ መሥመሩ በየጣቢያው ቀጭን ሆኖ ሲታይ፣ ሕዝቡም ምክር ቤቱም ለምን ቀጠነ ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ ወፍሮ የተሣለ መሥመር ግን ጠያቂ የለውም።

የሦስት ድርጅት መሥመሮችን በአንድ ወረቀት ማስፈር የማይቻል ነው እንዳይባል፣ በጀርመን አገር በሐምቡርግ የተለያዩ የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ የትራንስፖርት ማኅበር ሥር ሆኑ፤ ቀጥሎም አንድ ትኬትና አንድ የዋጋ ሥርዓት ዘረጉ፤ ሌሎች የጀርመን ከተሞችም ይህንኑ ተከተሉ፤ በበርሊንም የምድር ውስጡና የከተማው ፈጣን ባቡር መሥመሮች በአንድ ካርታ ላይ ይነበባሉ። በዋሽንግተን ትኬቱን አንድ ማድረግ ብዙ ውልና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ካርታውን አንድ ማድረግ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያልቅ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ጽሑፎቻቸውን ከሚተረጕሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሕጉ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች እንጂ የባቡር ድርጅቶቹን ሁሉ የሚያስገድድ ባይሆንም፣ መንፈሱ ወደ ካርታው ሊደርስ ይገባል። የጣቢያ ስሞችን መለወጥ አያስፈልግም፤ መንገደኛው በካርታው ያየውን ፊደል በጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባልና፣ ስሙ እንደ ተጻፈ ይቆይ። መተርጐም ያለበት የምልክቶቹ መፍቻ ነው። ወፍራሙ መሥመር ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የተቆራረጠው መቼ እንደሚሠራ፣ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት በአራት አጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ያልጠና እናት ልጇን ሳትጠይቅ ልታነበው ትችላለች።

ይህን ለማድረግ ደግሞ ጊዜው ምቹ ነው። ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከሲ.ኤስ.ኤክስ. ጋር የደረሰችበትን ስምምነት አስታውቃ፣ በ2024 በአሮጌው የፖቶማክ ድልድይ አጠገብ ለሰው ባቡር የሚሆን አዲስ ድልድይ መሥራት ጀምራለች፤ ሐሳቧም ባቡሮቹን ማብዛት ነው። በሜሪላንድ በኩል ደግሞ ሐምራዊው መሥመር፣ ከቤተዝዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አልፎ እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘልቀው ባለ 21 ጣቢያ ቀላል ባቡር፣ በመሠራት ላይ ነው፤ የሜትሮውን ቀይ መሥመር ሁለት ክንዶች ወደ መሐል ከተማ ሳይወርድ የሚያገናኝ የመጀመሪያው የከተማ ባቡር እርሱ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ሲፈጸሙ በአካባቢው ያለው የባቡር ካርታ ሁሉ፣ ተወደደም ተጠላም፣ እንደ ገና መሣሉ አይቀርም። የሦስቱ ድርጅቶች ኃላፊዎች ያን ጊዜ ሳይጠብቁ አንድ ረቂቅ በጋራ ያሠሩ፤ ረቂቁንም ከማተማቸው በፊት በዩኒየን ስቴሽንና በሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ፣ ተረኞች በሚለዋወጡበት ሰዓት፣ ለሆስፒታሉ ነርስ፣ ለሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ለመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ያሳዩአቸው፤ በመጪው እሑድ ማለዳ ከሥራ ወደ ቤታቸው በየትኛው ባቡር እንደሚመለሱም ከወረቀቱ ላይ እንዲያሳዩአቸው ይጠይቋቸው። መልሳቸው ከጊዜ ሰሌዳው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ፣ ረቂቁ ወደ ነዳፊው ይመለስ።